ለመሬት የላክሁት ደብዳቤ

ባለፈው ወር ለሥራ ዳንግላ ሄጄ ነበር። ከመናኸሪያው ወጥቼ በአንድ ትምህርት ቤት አጥር ጥግ ሳልፍ አንድ ሽታ እግሬን ያዘኝ። ከአጥሩ ወዲያ ተማሪዎች ክብ ሠርተው ቆመዋል፤ አንድ መምህር ደግሞ በመንሽ ክምር ይገለብጣል። መንሹን ባነሣ ቁጥር ከክምሩ እንፋሎት ይወጣል። ሽታው መጥፎ አይደለም። ዝናብ የጠገበ ጫካ፣ የጠላ አተላና እርጥብ ገለባ አንድ ቤት ውስጥ ቢያድሩ ጧት በሩ ሲከፈት የሚሸተውን ይመስላል።

መምህሩ፣ «ይህ እንግዲህ ኮምፖስት ይባላል» ሲል ሰማሁት።

አያ ፈንታ «ኮምፖስታ» ነበር የሚሉት። በዚያች በአንዲት «ታ» የተነሣ በአሥር ዓመቴ የደረሰብኝ ነገር ትዝ አለኝና መንገድ ላይ ብቻዬን ቆሜ ሳቅሁ።

ያን ጊዜ እንጅባራ ነበርን። እኔ አራተኛ ክፍል ነበርሁ። የምንኖረው በአያ ፈንታ ግቢ ተከራይተን ነው። አያ ፈንታ ዕድሜያቸውን ሙሉ ችግኝ ጣቢያ ሠርተው በጡረታ የወጡ፣ ባለቤታቸው የሞቱባቸው፣ ረጅምና ቀጭን ሽማግሌ ነበሩ። ከተከራዮቻቸው ጋር በአማርኛ ያወራሉ፤ ከዶሮዎቻቸውና ከጎመናቸው ጋር ግን በአገውኛ ነው። እኔ ከአገውኛ የማውቀው ሰላምታና ስድብ ብቻ ስለነበረ፣ ጎንበስ ብለው ለጎመኑ ምን እንደሚነግሩት ለማወቅ እሞት ነበር።

በግቢው ሁለት ተከራይ ነበርን፤ እኛና እትዬ ዘሀራ። እትዬ ዘሀራ መንገድ ዳር በኩል ትንሽ ሱቅ ነበራት። ጨው፣ ሳሙና፣ የባትሪ ድንጋይ፣ በሚዛን የሚሸጥ ቅመም፤ የጠፋ ነገር የለም። ባሏ ጫግኒ እህል ይነግድ ስለነበረ ሱቁንም ቤቱንም የምትይዘው እሷ ናት። ልጇ ሰሚራ የክፍሌ ልጅ፣ የዴስኬ ተጋሪ፣ በአጭሩ ነፍሴ ነበረች። የሁለታችንን ጓሮ የሚለየው አንድ ያረጀ የቀርከሃ አጥር ነው፤ እኔና ሰሚራ በሥሩ ሾልከን ሾልከን በር አብጅተንለት ነበር።

በቤታችን የእኔ ሥራ የልጣጭ ባልዲውን መድፋት ነበር። የድንች ልጣጭ፣ የጎመን ግንድ፣ የሽንኩርት ቅርፊት፣ የተበላሸ እንጀራ፤ ሁሉንም ይዤ ከሰፈሩ ወዲያ ያለው ገደል አፋፍ ድረስ መሄድ አለብኝ። የእንጅባራን ጧት የሚያውቅ ያውቀዋል። ጥቅምት ላይ ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ያድራል። የባልዲው ማንጠልጠያ ደግሞ ሽቦ ነው፤ ጣት ይቆርጣል።

አንድ ጧት ባልዲዬን ይዤ ወጥቼ መንገዱ ላይ የሰፈሩን ትልቅ ውሻ አየሁት። ይነክሰኛል ብዬ ለራሴ ነገርሁት። እውነቱን ለመናገር ውሻው ተኝቶ ነበር፤ ዓይኑንም አልገለጠም። ግን ምክንያት ፈልጌ ነበርና አገኘሁ። ተመለስሁና ባልዲውን ከቀርከሃው አጥር ሥር ዘርግፌ፣ እጄን በብብቴ ከትቼ ቤቴ ገባሁ። እማዬ፣ «እንዴት ቶሎ መጣሽ?» ስትለኝ፣ «ሮጬ ነው» አልኋት።

ከአጥሩ ወዲያ በዚያው ዕለት እትዬ ዘሀራ የዓመት በርበሬዋን ሸራ ላይ አስጥታ ነበር። የአያ ፈንታ ዶሮዎች መጀመሪያ ልጣጬን አገኙት። እየጫሩ፣ እየጫሩ በእኔና በሰሚራ ቀዳዳ ሾለኩና በርበሬው ላይ ወጡ። ከዚያ በኋላ ያደረጉትን ዶሮ ያረባ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። እትዬ ዘሀራ ሱቅ ውስጥ ስለነበረች እስከ ቀትር ያያቸው አልነበረም።

ከትምህርት ቤት ስመለስ ግቢው በጩኸት ተሞልቷል። እትዬ ዘሀራ በእጇ የድንች ልጣጭ ይዛለች።

«እናኑ፣ ይኼ የማን ቤት ልጣጭ ነው?» ትላለች።

እናኑ እናቴ ናት። «የእኔ አይደለም!» አለች።

«እኔ ሰሞኑን ድንች አልላጥሁም። አያ ፈንታ እንደሆኑ ድንቹን ከነልጣጩ ነው የሚበሉት። ታዲያ ከሰማይ ወረደ?»

«በሚካኤል ስም እምልልሻለሁ! ልጄ በዚህ ብርድ ገደሉ ድረስ ሄዳ ነው የምትደፋው። እጇ በረዶ ሆኖ ነው የምትመለሰው!»

እጆቼን ቀስ ብዬ እጅጌዬ ውስጥ ደበቅኋቸው።

«ወላሂ፣ እንዲህ ያለ ቆሻሻ ሰው መሆንሽን አላውቅም ነበር» አለች እትዬ ዘሀራ።

እማዬ ቀስ ብላ፣ «ከዛሬ ጀምሮ እኔና አንቺ ቃል የለንም» አለችና ቤት ገብታ በሩን ዘጋች።

ያን ጊዜ እውነቱን መናገር ነበረብኝ። ግን በልጅ ጭንቅላቴ እንዲህ ብዬ አሰብሁ፦ እማዬ በሚካኤል ምላለች። እኔ እውነቱን እስካልተናገርሁ ድረስ መሐላዋ ደህና ነው። የተናገርሁ ዕለት ግን በሐሰት የማለች ትሆናለች። ሚካኤል ደግሞ ሰይፍ እንደያዘ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ በዓይኔ አይቻለሁ። ስለዚህ እናቴን ከሰይፍ ያዳንኋት መስሎኝ አፌን ዘጋሁ።

እናቶቻችን አለመነጋገራቸው አንሶ እኛንም ከለከሉን። እኔና ሰሚራ ክልከላው ትምህርት ቤትም ይሠራል ብለን አመንን። አንድ ዴስክ ላይ ክርን ለክርን ተቀምጠን አንነጋገርም። ላጲስ ስፈልግ ከፊት የተቀመጠችውን ልጅ ነክቼ፣ «ሰሚራን ላጲስ አውሺኝ በያት» እላለሁ። ልጅቷ ዞራ፣ «ላጲስ አውሺያት» ትላለች። ሰሚራ ላጲሱን ለልጅቷ ትሰጣለች፤ ልጅቷ ለእኔ ትሰጠኛለች። በሳምንቱ ልጅቷ ተማርራ ቦታ ቀየረች።

በዚህ ሁኔታ ላይ እንዳለን ኅዳር ሚካኤል ደረሰ። በዚያ ቀን በየሰፈሩ ቆሻሻ ተጠርጎ ይቃጠላል። ኅዳር ሲታጠን የሚባለው ነው። ከጧት ጀምሮ ከተማው ጭስ በጭስ ሆነ። እማዬ የእኛን ጓሮ ጠርጋ በአጥሩ ወዲህ ከመረች፤ እትዬ ዘሀራም የእሷን ጠርጋ በአጥሩ ወዲያ ከመረች። የማንኛቸው ክምር እንደሚበልጥ በስርቆት ይተያያሉ። እማዬ ክብሪት ልትጭር ስትል አያ ፈንታ በትራቸውን ይዘው ከች አሉ።

«ያዢው! ያዢው እሳቱን!»

«ምነው አያ?» አለች እማዬ ደንግጣ።

ጎንበስ ብለው ከክምሩ አንድ እፍኝ አነሡ። የጎመን ቅጠል፣ የባቄላ ገለባ፣ የተልባ እብቅ። «ይኼን ታቃጥያለሽ? ይኼ እኮ ምግብ ነው።»

«የማን ምግብ?»

«የመሬት ነዋ! እኔ ሠላሳ ዓመት ችግኝ ያበላሁት ይኼን ነው። እናንተ ልጣጩን ገደል ትወረውራላችሁ፣ ገለባውን ታቃጥላላችሁ፣ ከዚያ ጎመናችን ቀጨጨ ትላላችሁ።» በአጥሩ ላይ ተሻግረው እትዬ ዘሀራን አዩዋት። «አንቺም ክብሪቱን አስቀምጪ።»

ከዚያ ያላሰብነውን አደረጉ። የቀርከሃውን አጥር መሀሉ ላይ ይዘው ነቀነቁት። ያረጀ ስለነበረ ሁለት ክንድ ያህል ተገንጥሎ ወደቀ። «ክምሩ እዚህ ይሆናል፤ ከሁለታችሁም ቤት እኩል እርምጃ ነው» አሉ። በአገውኛ እየቆጠሩ እስከ ሁለቱም በር ድረስ ተራመዱና ቦታውን በበትራቸው አሠመሩ። ሁለቱ ሴቶች አጠገብ ለአጠገብ ቆመው፣ አንዷ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ፣ አንዷ ወደ ሱቁ እያየች፣ እሺም እንቢም አላሉም። የቤቱ ባለቤት እሳቸው ናቸው፤ ምን ይባላል?

ክምሩን የሠራነው እኔ፣ ሰሚራና አያ ፈንታ ነን። ከታች ጭራሮ፣ ከዚያ ገለባ፣ ከዚያ የወጥ ቤቱ ልጣጭ፣ ከዚያ እበት፣ አመድና አንድ ስስ የአፈር ንብርብር፤ ከዚያ እንደገና ከገለባ ይጀመራል። ውኃ በጣሳ እንረጫለን። እየሠራን ሳለ እኔና ሰሚራ መነጋገር ስለተከለከልን ሁሉንም ለእሳቸው ነበር የምንናገረው። «አያ፣ ሰሚራን እግሬ ላይ ቆማለች በሏት» እላለሁ። «አያ፣ ትሁንን እግሯን ታንሣ በሏት» ትላለች እሷ፤ ትሁን እኔ ነኝ። አያ ፈንታ፣ «ንገሩኝ፣ እኔም ደብረ ማርቆስ ድረስ ሄጄ አድርሳለሁ» ብለው ይስቃሉ።

ሲያልቅ፣ «ምንድን ነው ስሙ?» አልኋቸው።

«ኮምፖስታ።»

«ፖስታ?»

«አዎ፤ ለመሬት የምንልክላት ነው። እሷ ተቀብላ፣ በሆዷ አብስላ፣ በስድስት ወሯ መልሱን ትልካለች።»

እሳቸው በጨዋታ ነው የተናገሩት። እኔ ግን ፖስታን በደንብ አውቃለሁ። አባቴ እንጅባራና ጫግኒ መሀል ሚኒባስ ይነዳ ነበር። ሰዎች ጫግኒ ላሉ ዘመዶቻቸው በፖስታ የታሸገ ነገር ይሰጡታል፤ እሱም ዝናብ እንዳያበላሸው በፌስታል ጠቅልሎ ከመሪው ፊት ያስቀምጠዋል። የተላከ ፖስታ ሁሉ ይደርሳል። እንግዲህ ለመሬትም መላክ ከተቻለ፣ እኔ የምልከው ነገር ነበረኝ።

በማግስቱ ከደብተሬ መሀል ወረቀት ገነጠልሁና በእርሳስ ጻፍሁ። ሁለት ገጽ ሞላ። አራት አጥፌ በሰማያዊ ፌስታል ጠቀለልሁት፤ አባቴ እንደሚያደርገው በክር አሠርሁት። ሰው አለመኖሩን አይቼ ክምሩን በጎን በኩል ገለጥ አድርጌ፣ ክንዴ እስከሚደርስ ድረስ ወደ ውስጥ ገፋሁት። እጄን ሳወጣ ልቤ ቀለል አለኝ።

ቀለል ያለኝ ለሦስት ቀን ብቻ ነው። በአራተኛው ቀን አያ ፈንታ ክምሩ ላይ የከረሜላ ወረቀትና አንድ የሳሙና ላስቲክ አገኙ። ግቢው መሀል ቆመው አወጁ።

«ስሙኝ! ልጣጭ ይግባ፣ አመድ ይግባ። አጥንት፣ ጠርሙስ፣ ባትሪ አይግባ። ፌስታል ደግሞ በፍጹም! መቶ ዓመት ቢቀበር አይበሰብስም። እዚህ ክምር ውስጥ ፌስታል የሚጨምር ሰው በእኔ ግቢ አይኖርም!»

እትዬ ዘሀራ ከሱቋ ሆና፣ «እሺ አያ» አለች። እማዬም ከማድ ቤት፣ «እሺ አያ» አለች። እኔ ግን በቁሜ ደረቅሁ። እኛ እንባረራለን። አልጋችን፣ ቁም ሳጥናችን፣ እማዬ የምትወዳቸው ሸክላዎች ተጭነው መንገድ ላይ ሲወጡ ታየኝ። ሁሉም በእኔ ፌስታል ምክንያት።

ለእኔና ለሰሚራ ዕለታዊ ሥራ ተሰጥቶን ነበር። ክምሩ ላይ ሁለት ረጃጅም በትር ተሰክቷል። በየጧቱ እኔ አንዱን፣ ሰሚራ አንዱን ስበን አውጥተን ለአያ ፈንታ እናሳያለን። እሳቸው የበትሩን ጫፍ ጉንጫቸው ላይ አድርገው፣ ያሸቱትና፣ «ዛሬስ ትኩሳቷ እንዴት ነው?» ይላሉ። ከሞቀ ደስ ይላቸዋል። እኔ ግን ትኩሳት ሲባል የማውቀው በሽታ ነው። በየቀኑ በትሩ ይበልጥ እየጋለ ሲመጣ፣ መሬት ደብዳቤዬን አንብባ ተቆጥታ እየነደደች ነው ብዬ ደመደምሁ።

ስለዚህ አንድ ጧት ከሁሉም ቀድሜ ተነሥቼ ደብዳቤዬን ላወጣ ሄድሁ። ክምሩ በዚያ ውርጭ ውስጥ እንደ ሻይ ማንቆርቆሪያ ይጨሳል። እጅጌዬን ሰብስቤ ክንዴን ከተትሁ። ከላይ በረዶ ነው፤ ወደ ውስጥ ሲገባ ለብ ይላል፤ ከዚያ ይፋጃል። እየጮህሁ እጄን መዘዝሁ። ቀና ስል ሰሚራ በተገነጠለው አጥር በኩል ቆማ ታየኛለች።

እኔ እሷን አየኋት። እሷ እኔን። ክልከላው ትዝ አለን። ከዚያ ሰሚራ አልቻለችም።

«ምን ጠፋሽ?»

«ፖስታ።»

«የማን ፖስታ?»

«የእኔ። ለመሬት ጽፌ፣ በፌስታል ጠቅልዬ…»

ትስቃለች ብዬ ጠበቅሁ። ሰሚራ ግን ግንባሯን ቋጥራ አሰበች። «በአማርኛ ነው የጻፍሽው?»

«አዎ።»

«ተሳስተሻል» አለች። «የዚህ አገር መሬት የምትሰማው አገውኛ ነው። አያ በምን እንደሚያወሯት አልሰማሽም?»

ይህን አለማሰቤ አስደነገጠኝ። አላነበበችውም ማለት ነው! ደስም አለኝ፣ አዘንሁም። ሰሚራ እጅጌዋን ሰብስባ በወዲያ በኩል ክንዷን ከተተች፤ እኔም በወዲህ በኩል። ክምሩ ውስጥ እጅ ለእጅ ተነካካን እንጂ ፌስታሉን አላገኘነውም። የወጥ ቤቱ በር ሲከፈት ሰምተን ሮጠን ተለያየን። በደብዳቤው ውስጥ ምን እንዳለ አልነገርኋትም። በዚያን ቀን ግን ላጲስ በቀጥታ ተዋዋስን።

የገና በዓል ሲቃረብ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት አያ ፈንታ ሁላችንንም ጠሩን። ክምሩ የሚገለበጥበት ቀን ነው። አባቴም ቤት ስለነበረ አካፋ ያዘ። እማዬና እትዬ ዘሀራ በተቃራኒ ጎን ቆመው፣ አያ ፈንታ በመንሽ የሚያነሡትን በቅርጫት ተቀብለው ወደ አዲሱ ቦታ ያዛውራሉ። መንሹ በወጣ ቁጥር እንፋሎት ይወጣል። የድንቹ ልጣጭ የለም፤ የጎመኑ ግንድ የለም፤ ጥቁር ቡናማ ነገር ብቻ ነው። አባቴ፣ «ይኼ ሁሉ የት ገባ?» እያለ ይደነቃል። እኔ የማየው ግን መንሹን ብቻ ነው። ሰሚራ አጠገቤ ቆማ ቀሚሴን ይዛለች።

ከዚያ መንሹ ሰማያዊ ነገር ይዞ ወጣ።

«ምን አልሁ!» አሉ አያ ፈንታ፤ ድምፃቸው ጎረቤት ድረስ ይሰማል። «ምን አልሁ እኔ? ፌስታል አላልሁም?» ከመንሹ ጫፍ አላቀቁና ክሩን በጥሰው ፈቱት። ወረቀቱ ጠርዙ ትንሽ ቢጫ ሆኗል እንጂ ደህና ነበረ። «ጽሑፍ አለው። መነጽሬን አልያዝሁም። እንኪ ዘሀራ፣ አንብቢው። የማን እንደሆነ ይታወቃል።»

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ተመኘሁ፤ እሷ ግን ያን ጊዜም ዝም አለች። እትዬ ዘሀራ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ወረቀቱን ወሰደችና ለደንበኛ ሂሳብ እንደምታነብ ጮክ ብላ ጀመረች።

«‹ለተከበርሽው መሬት። ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን በጣም ደህና ነኝ። ይህን የጻፍሁልሽ እናቴ ውሸታም እንዳልሆነች እንድታውቂ ነው…›»

ድምጿ ቀነሰ። ዓይኗ ወደ ታች ሮጠ። አቆመች።

ያን ጊዜ እማዬ ቅርጫቷን መሬት አስቀመጠችና፣ «ምን አቆመሽ? አንብቢው እንጂ» አለች። ከጥቅምት ወዲህ ለእትዬ ዘሀራ የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል ነበር።

እትዬ ዘሀራ ጉሮሮዋን ጠርጋ ቀጠለች።

«‹ልጣጩን ከአጥሩ ሥር የደፋሁት እኔ ነኝ። ገደሉ ሩቅ ነው፤ እጄንም ይበርደኛል። ውሻው ሊነክሰኝ አልነበረም፤ ተኝቶ ነበር። እማዬ አላወቀችም። ሳታውቅ ስለማለች ሚካኤል በሰይፉ እንዳይመታት አስታርቂልኝ። እትዬ ዘሀራም እማዬን ቆሻሻ ያለቻት በርበሬዋ ስለተበላሸባት ነው እንጂ ጥሩ ሰው ናት፤ ከረሜላ ስትመርቅልኝ ሁልጊዜ ቀዩን ነው። ስለዚህ በርበሬዋን መልሺላት። አንድ ጆንያ ይበቃል። እንዳይሳሳትብሽ ቀይ ነው፣ ረጃጅም ነው። ሰሚራም እንድታናግረኝ አድርጊ። መልሱን ስድስት ወር ሳትጠብቂ ቶሎ ላኪልኝ። ትሁን፣ አራተኛ ለ።›»

ከዚያ በኋላ ያለውን አላየሁም፤ እኔ ሽንት ቤቱ ጀርባ ነበርሁ። የሰማሁትን ግን አልረሳውም። መጀመሪያ የእማዬ ድምፅ።

«ዘሀራ፣ እኔ እኮ የማልሁት እውነት መስሎኝ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ልጄን አንድ ጊዜ ብጠይቃት ምን ነበረበት? እንዳንቺ ያለ ጎረቤት ይዤ ሁለት ወር ሙሉ…»

«ተይው፣ ተይው እናኑ። እኔስ ያንን ቃል መናገር ነበረብኝ? በዚያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ጧት መጥቼ ይቅርታ ልልሽ ነበር፤ በርሽ ተዘግቶ ሳየው እኔም እልህ ያዘኝ።»

ከዚያ እትዬ ዘሀራ፣ «‹እንዳይሳሳትብሽ ቀይ ነው› አለቻት!» አለችና ሳቋን ለቀቀችው። እማዬም ተከተለቻት። አባቴም። ሳቃቸው አላባራ ሲል ቀስ ብዬ አንገቴን ብቅ አደረግሁ። ሁለቱ ሴቶች እበት በነካ እጃቸው ተቃቅፈው እየሳቁ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ።

ያልሳቁት አያ ፈንታ ብቻ ናቸው። ፌስታሉን በሁለት ጣታቸው አንጠልጥለው ቆመዋል። «ይኼስ? የተናገርሁት ቃል አለ» አሉ።

ሳቁ ቆመ። ከተደበቅሁበት ወጥቼ ፊታቸው ቆምሁ። እያለቀስሁ፣ «አያ፣ እኔ ልሂድ፤ እማዬና አባዬ ይቅሩ» አልኋቸው።

ሰሚራ ከኋላዬ፣ «እሷ ከሄደች እኔም እሄዳለሁ» አለች። ወዴት እንደምንሄድ አላሰብንበትም ነበር።

አያ ፈንታ ሁለታችንንም በየተራ አዩን። ጢማቸውን አሹ። «ፌስታል በእኔ ግቢ አይኖርም ብያለሁ። እንግዲያውስ ፌስታሉ ይውጣ፤ ልጅቱ ትቅር» አሉና ለአባቴ ሰጡት። «አንቺ ግን እስከ ፋሲካ ድረስ የሦስቱንም ቤት ባልዲ እዚህ ታመጫለሽ። የእኔንም ጭምር።»

ሦስት ባልዲ ማለት ቀላል አልነበረም። ግን ባልዲው እንግዲህ ገደል ድረስ አይሄድም። ሰሚራ ደግሞ ሳትታዘዝ ማንጠልጠያውን በአንድ በኩል ያዘችልኝ። በየበሩ እየዞርን፣ «የመሬት ምሳ!» እያልን እንጮሃለን። ትንሽ ቆይቶ የጎረቤት ግቢ ሴቶችም ልጣጫቸውን በጣሳ እየያዙ መምጣት ጀመሩ። አያ ፈንታ ፌስታል እንዳይኖርበት እያንዳንዱን ጣሳ በበትራቸው ይፈትሹ ነበር።

በዚያው ቅዳሜ ማታ እማዬ ጸጉሬን ልትሠራኝ እግሮቿ መሀል አስቀመጠችኝ። ትቆጣለች ብዬ አንገቴን ሰበርሁ። ለረጅም ጊዜ ጸጉሬን ብቻ ትፈታለች። በመጨረሻ፣ «ለእኔ ለምን አልነገርሽኝም?» አለችኝ።

«ሚካኤል እንዳይመታሽ።»

እጇ ጸጉሬ ላይ ቆመ። ዞሬ እንዳላያት ጭንቅላቴን በቀስታ ወደ ፊት መለሰችው። «እኔን ከሚመታኝ ሁለት ወር ብቻሽን ይህን ተሸክመሽ መዞርሽ ይብሳል» አለች። «ሁለተኛ እንዲህ ያለ ነገር ቢገጥምሽ ብቆጣም ንገሪኝ። እቆጣለሁ። ግን ንገሪኝ።» ከዚያ ሹሩባውን እንደ ወትሮዋ አጥብቃ ሠራችው፤ ለሁለት ቀን ዓይኔን መጨፈን አቃተኝ።

በማግስቱ የራሷን በርበሬ ግማሹን በቁና ሰፍራ ለእትዬ ዘሀራ ወሰደች። እትዬ ዘሀራ አልቀበልም አለች። እማዬ ሱቁ ደጃፍ አስቀምጣ መጣች። እትዬ ዘሀራ መልሳ አመጣችው። ቁናው አራት ጊዜ ያህል ግቢውን ተሻገረ። በመጨረሻ ሁለቱም ያላቸውን ደባልቀው፣ አንድ ላይ ቀንጥሰው፣ አንድ ላይ ወፍጮ ቤት ወሰዱት። ስናስነጥስ የሰነበትነው እኔና ሰሚራ ነን።

ሚያዝያ ላይ ክምሩ አለቀለት። በእጅ ሲያፍሱት እንደ ጤፍ ዱቄት ይፈሳል፤ ሽታው የጫካ ነው። አያ ፈንታ የቀረውን አጥር ነቅለው ሁለቱን ጓሮ አንድ አደረጉት፤ ድንች ተከልንበት። ክረምቱ መጣ፤ የእንጅባራ ዝናብ እንደ ልማዱ ያለማቋረጥ ወረደ። የድንቹ ቅጠል ጉልበታችንን አለፈ።

ድንቹን ያወጣነው በነሐሴ፣ በፍልሰታ ጾም ውስጥ ነው። ካፊያ ነበር። እኔና ሰሚራ ባዶ እግራችንን ጭቃው ውስጥ ገብተን በእጃችን እንፈልጋለን። ድንቹ ከአፈሩ ሲወጣ ቀዝቃዛና ለስላሳ ነው፤ አንዳንዱ የሁለታችንን እጅ ይሞላል። የመጀመሪያውን ቅርጫት እናቶቻችን ተቀብለው ማድ ቤት ገቡ።

ትንሽ ቆይቶ ከማድ ቤት ጩኸት ሰማን።

«እኔ እልሻለሁ፣ ይኼ ተቀቅሎ በሚጥሚጣ ነው!» የእትዬ ዘሀራ ድምፅ ነው።

«አበድሽ? እንዲህ ያለ ድንች ወጥ ሳይሠራ?»

«አንቺ ሁሉንም ወጥ ካላደረግሽ አትወጂም!»

«አንቺ ደግሞ ሰነፍ ስለሆንሽ ነው! ሽንኩርት መላጥ ስለሚሰለችሽ!»

እኔና ሰሚራ ጭቃው ውስጥ እንደቆምን ደነገጥን። ተያየን። ሰሚራ በእጇ የያዘችውን ድንች ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛለች። እንደገና ሊጀምሩ ነው፣ እንደገና ላጲስ በሦስተኛ ሰው መዋስ ሊመጣ ነው ብዬ ፈራሁ። አያ ፈንታ ግን ጎንበስ ብለው መቆፈራቸውን አላቆሙም።

«አያ፣ እየተጣሉ ነው!» አልኋቸው።

ቀና ሳይሉ አዳመጡ። «እየተጨቃጨቁ ነው» አሉ። «ይጩኹ። አንድ ሙሉ ጥቅምትና ኅዳር ዝም ብለው ጆሮዬን አመሙኝ።»

ማድ ቤቱ ውስጥ የሆነ ነገር ወደቀ፤ ወዲያው ሁለቱም በሳቅ ፈነዱ። ቆይቶ እማዬ በሩ ላይ ብቅ አለች። ፊቷ በእሳቱ ቀልቷል፤ በትከሻዋ ላይ የእትዬ ዘሀራ እጅ አለ።

«ልጆች፣ ኑ!» አለችን። «ግማሹን ቀቀልነው፤ ግማሹን ወጥ እናደርገዋለን። እግራችሁን ታጠቡና ግቡ፤ አያንም አምጧቸው፣ ሳይቀዘቅዝ።»